አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ሐሙስ የአትክልት ቀን ነው። ጠዋት የገበያው መኪና ሳጥኖቹን ሚክላቱ በር ላይ አራግፎ ሄደ። ከሕንጻችን ሥር ያለው ይሄ የጦርነት መጠለያ፣ ሰላም ሲሆን የኔና የወዳጄ የደጊቱ መጋዘን ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ነጋዴዎቹ ያልሸጡትን ይልኩልናል፣ እኛ ደህናውን ከብስባሹ ለይተን፣ በፌስታል አድርገን፣ ለቸገረው ቤት ሁሉ እናደርሳለን። ዛሬ ቲማቲሙ ግማሹ ፈስሷል። ኪሹው፣ አገር ቤት ዝኩኒ የምንለው፣ ግን ምን የመሰለ! አረንጓዴ፣ ለጋ...

ደጊቱ መቼም አፏ አያርፍ። "አንቺ ሴትዮ፣ አናት ኪሹ አልወድም ብላ ስንቴ ነገረችሽ? ዛሬም ልታሸክሚያት ነው?" አለችኝ። ወግ ነው አልኳት። ሲሰጡት ዘሎ እሺ የሚል ማን ነው? አናት ምድር ቤት ያለችው ጡረተኛ ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖር። ዛሬም "አይ ባንቺ፣ አያስፈልገኝም" አለች። በሯ ላይ አስቀምጬላት ሮጥኩ።

እንዲህ ነው የሚሰጥ። እምቢ ሲሉሽ ትምያለሽ፣ "በሞቴ" ትያለሽ፣ ካልሆነም ጥለሽ ትሮጫለሽ።

የዛሬው ነገር ያናደደኝም ለዚህ ነው። ደረጃ ስወጣ አቪሓይን አገኘሁት። ከፊት ለፊታችን ያለው ልጅ፣ በፋሲካ ሰሞን ከነሚስቱና ከነሕፃኑ የገባው። ካርሜ ጋት ያሉት አዲሶቹ ፎቆች ውድ ሆነውባቸው ነው እኛ ሰፈር የመጡት። "ባንቺ" አለኝ... እትዬ የለ ምን የለ፣ እንደ እኩያው። "ባልሽ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። እኔና ጓደኛዬ ከነወንበሩ እናውርደው? ትንሽ አየር ያገኛል።"

ልቤ ዘለለ። እውነቴን ነው። ባሌ ጌታዬ ግራ ጎኑ ከሞተበት ወዲህ፣ ከሆስፒታል ተሸክመው አልጋው ላይ ካስተኙት ወዲህ ምድር አልረገጠም። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለ። አፌ ግን ምን አለ? "አይ፣ አይ፣ አትቸገር፣ ደህና ነን።"

"በሴዴር" አለና ወረደ።

በሴዴር! እሺ! በቃ? አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል? ፌስታሌን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ይመለሳል ብዬ። የውጭው በር ሲዘጋ ሰማሁት።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ጌታዬ ሰምቷል ለካ። እግሩ እንጂ ጆሮው ደህና ነው። ትናንት ምንም አላለም። ዛሬ ለሰንበት ሳጥበው፣ "ልጁ ምን አለሽ?" አለ። ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግን እኔ እሰማዋለሁ።

"ላውርደው አለ።"

"እና?"

"አትቸገር አልኩታ።"

ጢሙን ላጭቼ ጨረስኩ። ፊቱን ካደረቅሁለት በኋላ፣ "ወግሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀረኝ" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ምኩራቡ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ጣሪያው ከመስኮታችን ይታያል። ጎንደር ሆነን ወደ እስራኤል የመሄጃችንን ቀን ያን ሁሉ ዓመት ስንጠብቅ፣ ጸሎት ቤት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገኝ እሱ ነበር። እዚህም እንዲያው። አሁን ዓርብ ማታ መስኮቱን ያስከፍተኛል። ነፋሱ ወደኛ ከሆነ ዜማው ይሰማል። ካልሆነ የመኪና ድምፅ ብቻ። እሱ ግን አሜኑን አይተውም።

ታደገ ቢሆን ኖሮ አይጠይቅም፣ አንሥቶት ነበር የሚሄደው። ከበላያችን ነው ያለው፣ የአገሬ ልጅ። ግን ፋብሪካ ሁለት ፈረቃ ይገባል፣ ፊቱን ካየሁት ቆየሁ። እሱን ደግሞ ምን ብዬ ላስቸግረው?

ያ ልጅ ግን ሁለተኛ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

አቪሓይ ደረጃ ላይ ሰላም አለኝ። ስለ ጌታዬ አላነሳም። እኔም አላነሳሁ። ይቅርበት።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ጦርነት። ሳይነጋ አዝዓካው፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ጮኸ። አሁን ደግሞ ከኢራን ነው አሉ። ስልኩም ለብቻው ይጮኻል፣ ሚክላት አጠገብ ሁኑ ይላል። አጠገብ! ሚክላቱ ታች፣ እኛ ላይ፣ ጌታዬ ደግሞ ሁለት እኔን ያህላል። ቁልፉን ለደጊቱ በመስኮት ወረወርኩላት። እሱን ከነወንበሩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ መተላለፊያ ገፋሁት፣ እዚያ መስኮት የለም። ሌላ ምን ላድርግ? ትልቁን ድስት አምጥቼ ራሱ ላይ ደፋሁለት።

"ወጡስ?" አለኝ።

በዚህ ሰዓት! ስስቅ ዕንባዬ መጣ።

ሺራን ከሃይፋ ደወለች። ልጃችን እዚያ ሆስፒታል ነርስ ናት፣ ከሥራ አትወጣም ሰሞኑን። "እማ፣ ሚክላት ወርዳችኋል?" "ወርደናል" አልኳት። ዋሸሁ። የሰው ነፍስ በእጇ ይዛ በኛ ትጨነቅ?

ሰኔ 8፣ እሑድ

ይሄን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር... ግን ሆዴ ውስጥ አላስቀምጠውም።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ደረጃው በእግር ኮቴ ተሞላ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆምኩ። ለምን ከፈትኩት? እንዲያዩን። እውነቱ ይሄ ነው፣ እንዲያዩን ነው።

አቪሓይ ሕፃኗን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ሚስቱ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጡ። ከኔ ኋላ ጌታዬን ወንበሩ ላይ አየው። "ልጅቷን ላድርስና ተመልሼ ልምጣ?" አለኝ። ሕፃኗን አየሁ። ጫማ እንኳ አላደረገችም። አፌ "ሂዱ፣ ሂዱ፣ እኛ እዚሁ ይሻለናል" አለ።

"በሴዴር" አለና ሮጠ።

ሄደ! በዚህ ሰዓት ሂድ ያሉት ሰው ይሄዳል? እኔ ብሆን... እኔ ብሆን ሰውየውን እግሩን ይዤ እጎትተው ነበር እንጂ!

ከዚያ ፍንዳታው። ሩቅ ነው፣ ግን መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጌታዬ በደህናው እጁ እጄን ያዘ። "አንቺ ውረጂ" አለኝ። ዝም በል አልኩት። "ውረጂ፣ ባንቺ።" አልወርድም። "በእግዜር ውረጂ።" እንዲህ ነው የሚጠየቅ፣ አየህ? እሱ ያውቅበታል። አልወረድኩም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ደጊቱ እያለከለከች ወጣች። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም። ገና ሳትቀመጥ፣ "ትናንት ሚክላት ውስጥ ሰው ሁሉ ስለናንተ ሲያወራ ነበር" አለች።

"ምን ብሎ?"

"አቪሓይ ነዋ። ጠየቅኋቸው፣ መውረድ አይፈልጉም አለ። ያ ዮጌቭ እንኳ፣ ያ ባለውሻው፣ ሊወጣ ተነሥቶ ነበር። ተወው አሉት። የሰው ፍላጎት ይከበራል ብለው።"

ደሜ ፈላ። "ፍላጎት? ማን ነው ሚሳይል የፈለገ?"

"አንቺ ነሻ ያልሽው!"

"ያልኩትማ..."

"ሂድ አልሽው፣ ሄደ። ምን ያድርግ? እነዚህ ሰዎች አፍሽን ነው የሚሰሙ፣ ሆድሽን ከየት ያውቁታል?"

አኩርፌ ጓዳ ገባሁ። እሷ ለካ በዚያ መሐል ለሺራን ደውላ አንድም ሳታስቀር ዘርግፋላታለች። ልጄ ስልኩ ላይ ጮኸችብኝ። "ወርደናል አላልሽኝም? እማ፣ እዚህ አገር ሰው አይ ካለ አይ ነው! ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው፣ መጨቅጨቅ ነው። አክብሮሽ እኮ ነው!"

አክብሮኝ ጥሎኝ ሄደ። እንዲህም አለ ለካ።

"እርዳኝ በይው" አለችኝ። "አንድ ቃል ናት።" ለሷ አንድ ቃል ናት። እኔ ይህን ቃል ለማን ብዬው አውቃለሁ? ለሰው? ለቅሶ ቤት ሲሆን ቀድሜ የምገኝ፣ አራስ ቤት ሲሆን አጥሚቱን ይዤ የምገባ እኔ ነኝ። እርዳኝ ማለት የማን ሥራ ነው... የኔ አይደለም።

ጌታዬ ራት አልበላም ብሏል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

በጦርነቱም መኪናው መጣ። ቸር ሰዎች ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሰው እንዳይሰበሰብ ስለተከለከለ በየበሩ እየሮጥን አደረስን።

አናት በሯን ከፍታ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ፌስታሉን ተቀበለችኝ፣ አይ ሳትል። ደነገጥኩ።

"ዛሬ እምቢ አላልሽም?"

"ባንቺ፣ እኔ ኪሹ እውነቴን ነው የማልወደው። ለወንድሜ ነው የምሰጠው።"

"ታዲያ ለምን ትቀበይኛለሽ?"

"ስታመጪልኝ ፊትሽ ይበራል፣ ለዚያ ነው።" ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀሰረች። "አንቺስ? እኛን መቼ ነው ደስ የምታሰኚን?"

ፌስታሎቼን አንሥቼ ዞርኩ። እኔ! ደረጃውን እስክወጣ በሷ ተናድጄ ነበር፣ ቤቴ በር ስደርስ በራሴ ሆነ። ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ሰጪ፣ ሰው ተቀባይ። ደስ ይለኛላ! ማን ደስ አይለውም? ለሌላው ግን አንዲት ቀን አላተረፍኩለትም።

አቪሓይ በር ላይ ቆምኩ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ሕፃኗ ውስጥ ታለቅሳለች። ተመለስኩ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ለአቪሓይ ዛሬም አልነገርኩትም። በሰንበት ዋዜማ ሰው አይረበሽም አልኩ። ምክንያት መቼ አጥቼ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ገና አሁን መቀመጤ ነው። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት ጌታዬን ሳጎርሰው ስልኩ ጮኸ። በሩን ከፈትኩ። አቪሓይ ወጣ፣ አየኝ፣ አልቆመም። አይ ብዬዋለሁ እኮ! ሰላም ብሎኝ ወደ ደረጃው ዞረ። ጀርባውን አየሁ። ሊሄድ ነው... ሄደ...

"አቪሓይ!" አልኩ። "እርዳኝ!"

በዕብራይስጥ አልኩት፣ ደግሞ በአማርኛ፣ ደግሞ በዕብራይስጥ። "እርዳኝ፣ ብቻዬን አልችለውም፣ እርዳኝ!" ስለፈልፍ እሱ ለካ ገና በመጀመሪያው ሕፃኗን ለሚስቱ አቀብሎ ቤቴ ገብቷል።

ወንበሩ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። ጠባብ ነው። አቪሓይ ላቡ ተንጠፈጠፈ። ይሄኔ ከላይ ታደገ በሸሚዝ ብቻ እየዘለለ ወረደ፣ ፋብሪካው ፈረቃ ቀንሶ ቤት ነበር። አንዴ አየን። "እትዬ ባንቺ፣ ጋቢ ይስጡኝ!" አለ። ከበራችን ኋላ ለዳስ በዓል የምናስቀምጣቸውን እንጨቶች ያውቃል፣ ሁለቱን መዘዘ። ጋቢውን ዘረጋ፣ እንጨቶቹን አጋደመ፣ ወዲህም ወዲያም አጠፈ። ቃሬዛ! እዚህ፣ ቂርያት ጋት፣ ደረጃ ላይ!

ጌታዬ ዓይኑ ፈጠጠ። "ሬሳ መሰልኩህ?"

"ጋሼ፣ አገር ቤት ስንቱን በሽተኛ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ያደረሱት እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ተራዎ ነው፣ ይተኙ!"

ተኛ። አቪሓይ ከፊት፣ ታደገ ከኋላ። አዝዓካው ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዮጌቭ፣ ሰላምታ የማያውቀው ሰውዬ፣ የውሻውን ገመድ ለቀቀና ከጎን ገብቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። ማንም አልጠየቀውም። ከታች አንድ የማላውቀው ወጣት ወደ ላይ ሮጦ አራተኛውን ያዘ። አናት የብረቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ትጮኻለች፣ ቶሎ፣ ቶሎ!

የወንድሜ ሚስት ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ወደ ከተማ ስንወስዳት ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጥ ነበር። የደከመውን ይተካል፣ ስም እንኳ አይጠያየቅም። እዚያ እርዱኝ የሚል የለም፣ ቃሬዛው ከታየ በቃ። እኔ ግን በሽተኛዬን ቤት ዘግቼበት፣ ሰው ለምን አያየኝም እያልኩ አኮርፋለሁ።

ሚክላት ውስጥ በሽንኩርት ሳጥኖቹ መሐል አስተኙት። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "መጋዘንሽ ይሄ ነው? ሽንኩርትሽ ተበላሽቷል" አለኝ። ደጊቱ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቀ፣ ያልገባውም ሳቀ። ሰዉ እየመጣ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ጌታዬ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ወደ ላይ ሲመልሱት ታደገ "ጋሼ ቀለዋል እኮ!" አለ። ለጨዋታ ነው ያለው። እኔ ግን ሳጥበው አይቻለሁ፣ ጎድኑ መታየት ጀምሯል።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ቆመ አሉ። ከእንግዲህ አዝዓካ የለም አሉ። ተመስገን። ደስ ብሎኛል፣ ማን ጦርነት ይወዳል?

ግን... እነዚህን ሁለት ቀናት ስልኩ በጮኸ ቁጥር አቪሓይ በሬ ላይ ነበር፣ ታደገ ባይኖር ዮጌቭ። ጌታዬ ስልኩ ሲጮኽ ኪፓውን፣ የጸሎት ቆቡን፣ አምጪልኝ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ሰው ሊያይ ነው ከታች። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ኪፓውን አድርጎ ተቀምጧል። ወደ ማታ "ዛሬ አይጮኽም?" አለኝ።

ኪፓውን አላወለቅሁለትም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የክሊኒኳ ነርስ መጣች። ደረቱን ስታዳምጠው ፊቷን ፊቷን አያታለሁ። "ይበላል?" አለች። ይበላል፣ የማጎርሰው እኔ አይደለሁ? ለብቻዬ ወደ በሩ ወሰደችኝ። "ልቡ ደክሟል። መድኃኒቱን እንቀጥል። ደስ የሚለውን ነገር አድርጉለት" አለችኝ።

ደስ የሚለውን። ደስ የሚለውን ነገር እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? ከመንገዱ ማዶ ነው ያለ፣ ጣሪያው ከዚህ ይታያል።

ለነፍስ ሲሆን ሰው እርዱኝ ብሎ ይጮኻል፣ እሺ፣ ያን ተማርኩ። ግን ለዜማ እርዱኝ ይባላል? ለትንሽ ፀሐይ? ሰዎቹ ደክመዋል፣ ሥራ ተመልሰዋል። አቪሓይ በደረጃው ሰላም ይለኛል፣ ጦርነቱ አለቀ፣ አበቃ፣ በሱ ቤት። ዓርብ ደርሶ መስኮቱን ከፈትኩለት። ዛሬ ነፋስ የለም። ድምፁም አይሰማም። ጌታዬ አሜን ማለቱን ትቶ ጣሪያውን ያያል።

ሰኔ 22፣ እሑድ

በሕልሜ ቃሬዛውን ብቻዬን ስጎትት አደርኩ። ጀርባዬ እስካሁን ያመኛል፣ በሕልም ተሸክሜም ያመኛል!

ደጊቱን "ስንት ጊዜ ቢሸከሙት ነው የሚሰለቻቸው?" አልኳት። "አንቺ ኪሹ ማደል ሰልችቶሽ ያውቃል?" አለችኝ። አፏን ይያዝልኝ እቴ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ሳጥኖቹን ለደጊቱ ትቼላት ወደ ደረጃው ሄድኩ። "ወዴት ነሽ? ቲማቲሙን ማን ይለያል?" ብላ ጮኸች።

"ልለምን ነው" አልኳት።

አቪሓይ በር ላይ ቆምኩ። ዛሬም ሕፃኗ ታለቅሳለች። ይሁን አልኩ፣ ሕፃን ሁሌም ያለቅሳል። አንኳኳሁ። ሽንኩርት ሲከትፍ ቆይቶ ነው መሰል ዓይኑ ቀልቶ ከፈተ። "ባንቺ? ምን ሆናችሁ? ጌታዬ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" ልለው ምላሴ ተንቀሳቀሰ። ዋጥኩት።

"ደህና አይደለም" አልኩት። "ምኩራብ መሄድ ይፈልጋል። ነገ ማታ ውሰዱልኝ። ቅዳሜ ጠዋትም። የሚመጣውም ሰንበት፣ ከዚያ በኋላም... እስከ..." እስከ መቼ እንደሆነ ከአፌ አልወጣም። አዝዓካ የለም፣ አውቃለሁ፣ ለነፍስ አይደለም፣ እንዲሁ ደስ እንዲለው ነው አልኩት። በሰባራ ዕብራይስጤ። ከአገሬ ስወጣ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

አየኝ።

"በሴዴር" አለ። "ለታደገ እነግረዋለሁ።"

በቃ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ጊዜ በቃኝ።

ስገባ ጌታዬ ከመስኮቱ ዞሮ፣ "ምን አለሽ?" አለኝ። ሰምቷል እኮ፣ ሁሉንም ሰምቷል።

"ነጩ ሸሚዝህ የት ነው?" አልኩት። "ልተኩሰው።"